የቧንቧችን ውሃ ለምን ደፈረሰ?

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በጎጃም ምድር ተወልዶ ላደገ ሰው ከቀልድነቱ ይልቅ እውነትነቱ ያመዝንበታል። ከእንጅባራ ተነሥቶ በጫግኒ በኩል ወደ ግልገል በለስ የሚወርደው መንገድ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያደርሳል። በዚህ መንገድ ዳር የምንኖር የጫግኒ እናቶች ግን በየማለዳው የምንጨነቀው ግድቡ ስላጠራቀመው ሰፊ ውሃ ሳይሆን፣ ከግቢያችን ቧንቧ ስለምትቀዳው አንዲት ባልዲ ነው። «ውሃ መጣ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ በኋላ እንኳ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ይኸውም «ምን መልክ ይዞ መጣ?» የሚለው ነው።

ለዛሬ ላነሣው የፈለግሁት በተለይ በቤት ውስጥ የቧንቧ ሥራ ከተሠራ በኋላ ስለሚደፈርስ ውሃ ነው። የውሃ ማሞቂያ ሲለወጥ፣ ቆጣሪ ሲቀየር፣ ወይም ለአዲስ ክፍል መስመር ሲቀጠል ውሃው ቀልቶ ወይም ጠቁሮ መውረዱ በብዙ ቤት የሚያጋጥም ነገር ነው። በዚህ ጊዜ የምናሳየው ጠባይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶቻችን «ሳይደፈርስ አይጠራም» ብለን እንደነገሩ እንጠጣዋለን። ሌሎቻችን ደግሞ ተመርዘናል ብለን እንደነግጣለን፤ በደለኛ ፍለጋም እንነሣለን። ሁለቱም ቤተሰብን ይጎዳሉ። አንደኛው ጤናን፣ ሁለተኛው ገንዘብንና የሰውን እንጀራ ያሳጣል።

ለምሳሌ በእኛ ቤት የሆነውን ልናገር። ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ የጉልበት ቁርጥማት ስላለባቸው ገላቸውን በሞቀ ውሃ ካልታጠቡ ሌሊቱን አይተኙም። ባለፈው ክረምት የቆየው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሆዱ ተበልቶ ማንጠባጠብ ስለ ጀመረ፣ ከሁለታችን ደመወዝ ጥቂት በጥቂት ስናጠራቅም ቆይተን አዲስ ገዛን። የቧንቧ ሠራተኛውም ግማሽ ቀን ውሃውን ዘግቶ፣ አሮጌውን ነቅሎ፣ አዲሱን ተክሎ ሄደ። የቀረውን ግማሽ የእጅ ዋጋ በማግስቱ ሊወስድ ተስማማን።

በማግስቱ ማለዳ ከቧንቧው የወረደው ውሃ ቀይ አፈር የተበጠበጠበት ይመስል ነበር። በውስጡም እንደ ቅርፊት ያሉ ቡናማ ነገሮች ይዋኙበታል። ለሻይ የጣድኩት ገና ቅጠሉ ሲገባበት እንደ ቀለም ጠቆረ። ሌሊት የተዘፈዘፈው የሕፃኑ ነጭ ልብስና የአማቴ ነጠላ ቢጫ ነጠብጣብ ይዞ ተነሣ።

በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት ፍርድ ተሰጠ። አማቴ «ልጄ፣ ይህ አዲስ ዕቃ መርዝ ሳይኖረው አይቀርም፤ ለሕፃኑ እንዳትሰጪው» አሉ። ባለቤቴ ሠራተኛው አበላሽቶብናልና የቀረው ገንዘብ አይከፈለውም አለ። በግቢው ተከራይተው የሚኖሩት ጎረቤታችን ደግሞ «የከተማው ውሃ በክረምት ልማዱ ነው» ብለው አለፉት። ሦስቱም ፍርዶች ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው ከነመላ ደመወዛችን የተገዛውን ዕቃ ያስጥላል፤ ሁለተኛው አንድ ወጣት የለፋበትን ያስቀርበታል፤ ሦስተኛው ምናልባት ምንም ጥፋት የሌለበትን ክፍል ያስወቅሳል። ነገር ግን ከሦስቱም አንዱ እንኳ ውሃውን አስተውሎ ያየ ሰው የሰጠው ፍርድ አልነበረም።

ሦስት ንጹሕ ብርጭቆዎች ይዤ ሦስት ቦታ ቀዳሁ። አንዱን ከቆጣሪው አጠገብ ካለው የደጅ ቧንቧ፣ ሁለተኛውን ከማድ ቤቱ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሦስተኛውን ከማሞቂያው። ብርጭቆዎቹን በነጭ ወረቀት ላይ ደርድሬ ስመለከታቸው የደጁ ውሃ ጥርት ያለ ነው። የማድ ቤቱ ቀዝቃዛ ውሃ ቀልቷል፤ ሆኖም ጥቂት ደቂቃ ሲፈስ እየነጣ ሄደ። የማሞቂያው ግን ቢፈስም አልጠራም።

ሠራተኛው መጥቶ ብርጭቆዎቹን ባየ ጊዜ ነገሩ ወዲያው ገባው። «እትዬ፣ ማሞቂያው ዝገት ለማውጣት ገና ዕድሜው አልደረሰም። ይህ ከቆጣሪው እስከ ቤት ያለው የብረት ቧንቧ ነው። ማሞቂያው የተሞላው በዚያ ውሃ ስለሆነ ነው የማይጠራው» አለኝ። ጥቂት ቆፍሮ አንድ ቁራጭ ቧንቧ ሲያወጣም፣ አውራ ጣት ያስገባ የነበረው ቀዳዳ በዝገት ጠብቦ እርሳስ ብቻ የሚያሳልፍ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብረት ቧንቧ ሲሠራ እንዳይዝግ በዚንክ ይለበጣል። ልባጩ ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ ውሃው ብረቱን መብላት ይጀምራል፤ ዝገቱም በቧንቧው ግድግዳ ላይ እየተጋገረ ይወፍራል። ውሃው በአንድ አቅጣጫ በዝግታ ሲፈስ እስከ ኖረ ድረስ ይህ ግግር ተኝቶ ይኖራል። ሆኖም መስመሩ ተዘግቶ ሲደርቅ፣ ቧንቧው በመፍቻ ሲጠመዘዝና ሲነቀነቅ፣ ከዚያም ውሃው በኃይል ሲለቀቅ ግግሩ ተሰባብሮ ይመጣል። በአዲሱ መጋጠሚያ ላይ ጥርስ ሲወጣ የሚረግፈው የብረት ብናኝና መጋጠሚያው የሚጠመጠምበት ቃጫም ይጨመሩበታል። ስለዚህ አዲሱ ዕቃ ተኝቶ የነበረውን አሮጌ በሽታ ቀሰቀሰው እንጂ በሽታውን ይዞ አልመጣም። ከቆጣሪው እስከ ቤት ያለው መስመር በፕላስቲክ ቧንቧ ተተካ፤ ማሞቂያውም ተደፍቶ እንደገና ተሞላ፤ ሠራተኛውም ሙሉ ዋጋውን ተቀበለ።

ከዚህ ቤተሰባዊ ጉዳይ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ደፍርሷል ከማለት በፊት የት ደፈረሰ ብሎ መጠየቅ ያሻል። ቀዝቃዛውም ሙቁም ከደፈረሱ ነገሩ ያለው በመስመሩ ላይ ነው። የደጁ ቧንቧም አብሮ ከደፈረሰ ከቆጣሪው ባሻገር ነው፤ ጎረቤትን መጠየቅም ይህንኑ ያረጋግጣል። ቀዝቃዛው ጠርቶ ሙቁ ብቻ ከደፈረሰ ወደ ማሞቂያው ማየት ነው። በማለዳ የመጀመሪያው ውሃ ብቻ ደፍርሶ ቆይቶ ከጠራ፣ ሌሊቱን ከብረቱ ጋር የዋለው ውሃ ነው ማለት ይቻላል።

የብርጭቆው መልክም ራሱ ይናገራል። እንደ ወተት ነጥቶ ከታች ወደ ላይ እየጠራ የሚሄድ ከሆነ በውስጡ የታመቀ አየር ነው፤ አይጎዳም። ቡናማው ነገር ከብርጭቆው ሥር ከዘቀጠ ዝገት ወይም አፈር ነው። ሲቀዳ ጠርቶ ቆይቶ ቢጫ የሚሆነው ከመሬት የወጣ የሟሟ ብረት ያለበት ውሃ ሲሆን፣ አየር ሲያገኘው መልኩን ይለውጣል። ጥቁር ብናኝ ማንጋኒዝ ወይም ያረጀ የጎማ ማሸጊያ ሊሆን ይችላል። ሙቁ ውሃ ብቻ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ከሆነ ደግሞ ከማሞቂያው ውስጥ ነው። በብዙ ማሞቂያ ሆድ ውስጥ የማግኒዚየም ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ በታንኩ ብረት ፈንታ ራሱ እየተበላ ታንኩን ከዝገት ያድነዋል። ሽታው የሚመጣው በውሃው ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከዘንጉ ጋር ሲገናኙ ነው። ዘንጉ አልቆ ካልተተካም ታንኩ ራሱ መበላት ይጀምራል። ስለሆነም ማሞቂያ የተከለ ሰው ዘንጉን በየጊዜው ማስፈተሽና በሥሩ የሚዘቅጠውን አተላ ማስደፋት ይገባዋል። በዚያን ጊዜ ግን አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት፣ ታንኩ ሞልቶ ውሃ ከቧንቧው አፍ መውረዱ ሳይረጋገጥም አለማብራት ግዴታ ነው።

በቀዝቃዛ አገር የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ያሉን ሰዎች ስለ ሌላ ዓይነት ማሞቂያም እንሰማለን። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤቶች የሚሞቁት በየግድግዳው ሥር በተዘረጉ ቧንቧዎች በሚዞር ሙቅ ውሃ ነው። ይህ ውሃ በተዘጋ መስመር ውስጥ ዓመታት ስለሚቆይ ብረቱን እየበላ እንደ ቀለም ይጠቁራል። ከሚጠጣው ውሃ ጋር እንዳይገናኝም ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ይደረግለታል። ማሞቂያው ከተቀየረ በኋላ ጥቁር ውሃ ከመጠጥ ቧንቧው ከወረደ ግን ቫልቩ ሥራውን አልሠራም ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ባለሙያ እስኪያየው ድረስ አለመጠጣት ነው። አገሩ ይለያይ እንጂ ጥያቄው ያው ነው፤ የት ደፈረሰ?

«ዝገት ይጎዳል ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው ብረት ከ0.3 ሚሊግራም ሲበልጥ ልብስና ዕቃ ያቀልማል፤ ጣዕሙም ይለወጣል። በውሃ ውስጥ በሚያጋጥመው መጠን ግን ብረት ራሱ በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይህን ያህል የሚያሰጋ አይደለም። የሚያሰጋው ከዝገቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። መስመር ተዘግቶ ሲደርቅ ቧንቧው ወደ ውስጥ ይስባል። በተሰነጠቀበት በኩል የጉድጓድ ፍሳሽ ካለ ያንን ሊያስገባ ይችላል። ከዚህም ሌላ አሮጌ ቧንቧና የነሐስ መጋጠሚያ እርሳስ የሚባለውን ብረት ሊይዙ ይችላሉ፤ እርሳስ ደግሞ ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ ነው። ሳይንስ ለሕፃን አይጎዳም ብሎ የወሰነለት የእርሳስ መጠን የለም።

ለዚህ ዓለም የሚያውቀው ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የፍሊንት ከተማ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ውሃውን ከፍሊንት ወንዝ መቅዳት ጀመረ። ውሃው ቧንቧውን እንዳይበላ የሚጨመረው መድኃኒት ግን አልተጨመረበትም። ውሃው ቡናማ ሆነ፤ ሸተተ፤ የሕፃናትም ቆዳ ሽፍ አለ። እናቶች በጠርሙስ እየያዙ ወደ ስብሰባ ሲመጡ ባለሥልጣኖች ውሃው ደኅና ነው እያሉ መለሱዋቸው። የአራት ልጆች እናት የሆነችው ሊአን ዋልተርስ የቤቷን ውሃ አስመርምራ ብዙ እርሳስ እንዳለበት አሳየች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የሕፃናት ሐኪሟ ዶክተር ሞና ሃና አቲሻ በሕፃናቱ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ መጨመሩን በአደባባይ አስታወቁ። በጥቅምት ወርም ከተማው ወደ ቀድሞው ውሃ ተመለሰ። የእነዚያ እናቶች የመጀመሪያ መሣሪያ በጠርሙስ የያዙት ውሃ እንደ ነበር ልብ ይሏል።

በአንጻሩ ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ፣ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል አካባቢ ኮሌራ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የኮሌራ ጀርም ውሃን አያቀልምም፤ አያሸትትምም። ስለዚህ መልክ ማየት የሚጠቅመው የደፈረሰውን ምክንያት ለማወቅ ነው እንጂ የጠራውን ለማመን አይደለም።

እንግዲህ ሥራ ከተሠራ በኋላ በቤታችን የምናደርገውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። በመጀመሪያ ማሞቂያው ሳይበራ ቀዝቃዛውን ውሃ ለቆጣሪው ቅርብ ከሆነው ቧንቧ ጀምሮ እስኪጠራ ድረስ ማፍሰስ ነው። የሚፈሰውን በባልዲና በጀሪካን አጠራቅሞ ለወለል፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለጓሮ አትክልት ማዋል ይቻላል፤ ውሃ በሰዓት በሚመጣበት ከተማ ማባከን ነውር ነውና። ቀጥሎ በቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ፈትቶ ማጠብ ነው፤ ቃጫውና ብናኙ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሮቶ ያለው ሰው ደግሞ አተላው ወደ ሮቶው እንዳይገባ መስመሩ እስኪጠራ መዝጋት ይኖርበታል።

ለመጠጥ የሚሆነውን ውሃ በንጹሕ ዕቃ ቀድቶ ማስቀመጥ፣ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን በታጠፈ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ማጥለል፣ ከዚያ በኋላ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለውን ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን መጨመር ነው። ሳያጠልሉ ማከሚያ መጨመር ግን ከንቱ ነው፤ ክሎሪኑን ቆሻሻው ይጨርሰዋልና። ሲፈላም በጫግኒ መንተክተክ ከጀመረ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብለው በሚገኙት በዳንግላና በእንጅባራ ግን ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ማንተክተክ ያስፈልጋል። ማፍላት ጀርምን ይገድላል እንጂ ዝገትንም ሆነ እርሳስን አያወጣም። በመሆኑም ለሕፃን ወተትና ለአጥሚት ከማሞቂያ የወረደ ሙቅ ውሃ መጠቀም አይገባም። ሙቅ ውሃ ብረትን ይበልጥ ያሟሟል። ቀዝቃዛውን አፍስሶ፣ የጠራውን ቀድቶ፣ በምድጃ ማሞቅ ይሻላል። ማሞቂያው በ60 ዲግሪ ሙቀት ላይ ከሆነም ውሃው የሕፃን ቆዳ በጥቂት ሴኮንድ ስለሚያቃጥል፣ ከማጠብ በፊት ከቀዝቃዛ ቀላቅሎ በክርን መለካት የእናት ልማድ ይሁን።

የቀለመ ነጠላና የሕፃን ልብስ ያላት እህት በረኪና አታንሣ፤ በረኪና የዝገትን ቀለም አጽንቶ ያስቀረዋል። ሎሚ ጨምቆ ከጨው ጋር ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማቆየትና ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይሻላል። ሎሚንና በረኪናን አብሮ መቀላቀል ግን የሚያፍን ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ ክልክል ነው። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ደግሞ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በታከመ ውሃ በጥብጦ እየሰጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ጊዜ ይፈጃል። ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ ቦታዋ መገኘት ያለባት እናት ውሃ ስታጠልል፣ ስታፈላና ልብስ ደግማ ስታጥብ የምታጠፋውን ሰዓት የሚቆጥርላት ሰው የለም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ጫግኒ በመጡበት ወቅት ጀሪካን ተሸክመው ወረፋ የቆሙትም በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ባል «ገንዘቡን እኔ ከፍያለሁ» ብሎ የሚተወው፣ ሚስት ብቻ የምትጨርሰው ጉዳይ መሆን የለበትም። ሠራተኛ ሲጠራ ምን ዓይነት ቧንቧ እንደሚገባ፣ አሮጌው መስመር የት ላይ እንደሚቀር፣ ከሥራው በኋላ ማን አጥቦ እንደሚያስረክብ ሁለቱም አብረው ይጠይቁ። ለተከራዮችም ውሃው የሚዘጋበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገራቸው፤ እነሱም ልጆች አሏቸውና።

የደጁ ቧንቧም የደፈረሰ እንደ ሆነ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ፣ በብርጭቆ ወይም በጠርሙስ ይዞ፣ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ወደሚመለከተው ክፍል መሄድ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትናገር «ትንሽ ይፍሰስ» ተብላ ትመለስ ይሆናል፤ ዐሥር እናቶች ዐሥር ጠርሙስ ይዘው ሲቆሙ ግን ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። እንዲመረመርልን መጠየቅም ሆነ የምርመራውን ውጤት ማወቅ መብታችን ነው። ውሃውን የምትቀዳው፣ የምታበስልበትና ለልጇ የምታጠጣው እናት ከሁሉ ቀድማ ታየዋለች። ያየችውንም ለይታ፣ በማስረጃ አስደግፋ፣ ሳትፈራ ትናገር።